«ነጌቲቭ የሚያደርገው መርፌ» ከሜሪላንድ ይላክለት ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «ታናሽ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ሳዑዲ ለሥራ ሊሄድ ሜዲካል ሲሠራ ሄፓታይተስ ቢ አለብህ ተብሎ ወደቀ። ምንም አያመውም። ቫይራል ሎዱ (ደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) 900 ነው፣ የጉበት ኢንዛይሙ ኖርማል ነው፣ አልትራሳውንዱም ደህና ነው ተብሏል። ሐኪሙ ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልግህም፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ ብሎ ሸኘው። እኛ ግን አልተዋጠልንም። ሜሪላንድ ያለችው አክስታችን ኢንተርፌሮን የሚባል ኢሚዩኒቲ የሚጨምር መርፌ አለ፣ ከወሰደው ነጌቲቭ ይሆናል፣ እኔ ገዝቼ እልካለሁ ትላለች። ይላክለት? ኢንተርፌሮንስ ምንድን ነው?»

እህቴ፣ አንቺ ብዬ ስጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። አይላክለት። ሐኪሙ የነገራችሁ ትክክል ነው። አክስትሽም ግን ዝም ብላ ከመሬት ተነስታ አይደለም የተናገረችው። መርፌው አለ። ለሄፓታይተስ ቢ የተፈቀደ መድኃኒትም ነው። ጥቂት ሰዎችን ደግሞ በእርግጥ ነጌቲቭ አድርጓል። ችግሩ ያለው «ጥቂት» የምትለው ቃል ላይ ነው። «ኢሚዩኒቲ የሚጨምር» የሚለውም ላይ አለ። ይሄኛውን ካልፈታነው የመጀመሪያው አይገባሽም፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ።

ኢንተርፌሮን ቫይታሚን አይደለም። በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ እንደምታያቸው «ኢሚዩን ቡስተር» ነገሮችም አይደለም። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው፣ ሥራውም ማስጠንቀቅ ነው።

ሰፈር ውስጥ ሌሊት ሌባ ሲገባ ምን ይሆናል? የተገባባት ሴትዮ ኡኡ ትላለች። እሷ ተዘርፋለች፣ ኡኡታዋ ለራሷ ብዙም አያተርፍላትም። የሰማው ጎረቤት ግን ይነሳል፣ መብራት ያበራል፣ በሩን ይቀረቅራል፣ ዱላውን ያነሳል። ሴልም እንደዚያው ናት። ቫይረስ ገብቶ ራሱን ማባዛት ሲጀምር ሴሏ ውስጥ ያሉ ጠባቂ ፕሮቲኖች «ይሄ የኛ አይደለም» ብለው ይለዩታል። ያኔ ሴሏ ኢንተርፌሮን ታመርትና ወደ ውጭ ትለቃለች። ይሄ ነው ኡኡታው። ጎረቤት ሴሎች ላያቸው ላይ መቀበያ አላቸው። መልእክቱ ሲደርሳቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ይነሳሉ። አንዱ የቫይረሱን አር ኤን ኤ (የዘር መልእክቱን) የሚቆራርጥ ኢንዛይም ያስነሳል። ሌላው የሴሏን የፕሮቲን ሥራ ያስቆማል፣ ማለትም ሌባው ቢገባም የሚበላው እንዳያገኝ ባለቤቷ ራሷ ምድጃዋን ታጠፋለች። ሌላው በሩ ላይ ያስቀረዋል። ሌላው ደግሞ ነጭ የደም ሴሎችን «ኑ፣ እዚህ ነው» ብሎ ይጠራል።

እዚህ ላይ ልብ በይ። ኢንተርፌሮን ራሱ አንድም ቫይረስ አይገድልም። «ተነሱ» ብቻ ነው የሚለው። የሚገድሉት የሰሙት ናቸው። ይህን ነጥብ ያዢልኝ፣ ወደ ወንድምሽ ስንመለስ ያስፈልገናል።

ነገሩ የታወቀበት መንገድ ራሱ ደስ ይላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ነው።) በ1957 ለንደን ውስጥ ሚል ሂል በሚባለው የምርምር ተቋም አሊክ አይዛክስ እና የስዊዘርላንዱ ዣን ሊንደንማን ጫጩት ከያዘ እንቁላል የወሰዱትን ስስ ሽፋን በሙቀት ከሞተ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጋር አቆዩት። ከዚያ ሕያው ቫይረስ ቢጨምሩበት አልባዛ አለ። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር አልነበረም፣ አንዱ ቫይረስ ሌላውን እንደሚያግድ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። እነሱ ግን ሽፋኑ የተዘፈዘፈበትን ፈሳሽ ብቻ ወስደው በአዲስ ሽፋን ላይ ቢያፈሱት እሱም ቫይረስ አላስገባ አለ። ስለዚህ የሚያግደው የሞተው ቫይረስ ሳይሆን ሴሎቹ ራሳቸው ያመነጩት ነገር ነበር ማለት ነው። ጣልቃ መግባት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንስተው ኢንተርፌሮን አሉት። ጃፓኖቹ ናጋኖ እና ኮጂማ ከነሱ ሦስት ዓመት ቀድመው በጥንቸል ላይ ተመሳሳይ ነገር አይተው ጽፈው ነበር፣ ግን ስሙ የተያዘው የለንደኖቹ ነው። እንዲህ ነው አንዳንዴ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄን ስነግራቸው ብዙ ታካሚዎች ይገረማሉ። ኃይለኛ ጉንፋን ሲይዝሽ ያ ሁሉ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳቱ፣ አጥንት የሚሰብረው ቁርጥማት፣ «ተዉኝ ልተኛ» የሚያሰኘው ድካም፣ ብዙው የቫይረሱ ሥራ አይደለም። የራስሽ ሰውነት የሚለቃቸው እንደ ኢንተርፌሮን ያሉ መልእክተኞች ናቸው እንደዚያ የሚያደርጉሽ። በምን ይታወቃል ብትዪኝ፣ ምንም ቫይረስ የሌለበት ሰው ኢንተርፌሮን ሲወጋ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቁልጭ ያለ ጉንፋን ነው የሚይዘው። ንፍጥ የለውም እንጂ ሌላው አንድ ነው።

አሁን ወደ ሄፓታይተስ ቢ። ይሄ ቫይረስ ከሌሎቹ የሚለየው ኮቴው አለመሰማቱ ነው። ኢንፍሉዌንዛ በር ሰብሮ ነው የሚገባው፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ሄፓታይተስ ቢ ግን ጫማውን አውልቆ ነው። የጉበት ሴል ውስጥ ገብቶ ዲ ኤን ኤውን ትንሽ ቀለበት አስመስሎ ኒውክለሱ ውስጥ ያስቀምጣል፣ የሴሏ የራሷ ዲ ኤን ኤ ካለበት ክፍል ማለት ነው። ሲባዛም በሽፋን ውስጥ ተሸፍኖ ነው፣ ስለዚህ ጠባቂዎቹ አያዩትም። ኡኡታ የለም። ለዓመታት ተከራይ ሆኖ ይኖራል።

ወንድምሽም ቫይረሱ ሰሞኑን አልያዘውም ብዬ ነው የምገምተው። ሜዲካሉ ላይ ታወቀ እንጂ። አዋቂ ሆኖ የሚያዝ ሰው ከመቶ ዘጠና አምስቱ በራሱ ያጸዳዋል። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ግን ከመቶ ዘጠናው ይዞት ይቀራል፣ ምክንያቱም የሕፃን መከላከያ እንግዳውን ከቤተሰብ ገና አይለይም። እኛ አገር ለሕፃናት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው። ወንድምሽ ያኔ ትልቅ ልጅ ነበር፣ አልደረሰበትም። ከመቶ ኢትዮጵያዊ ስድስት ሰባቱ ላይ ይህ ቫይረስ አለ የሚሉት ጥናቶች ብዙ ናቸው። አብዛኛው ሰው አያውቀውም። የሚያውቀው ወይ ደም ሲለግስ፣ ወይ ስታረግዝ፣ ወይ እንደ ወንድምሽ ለአረብ አገር ሲመረመር ነው። ስለዚህ የት ሄዶ ነው፣ ከማን ጋር ነው እያላችሁ አታስጨንቁት።

እንግዲህ የመርፌው ሐሳብ ይሄ ነው። ሰውነት ኡኡ ካላለ እኛ ከውጭ ኡኡ እንበልለት። ለዚህ የሚሰጠው ፔግ-ኢንተርፌሮን አልፋ ይባላል። «ፔግ» የምትለው ከፕሮቲኑ ጋር የተጣበቀች ኬሚካል ናት፣ ኩላሊት ቶሎ እንዳያስወጣው ታደርገዋለች። ድሮ በሳምንት ሦስቴ የነበረውን መርፌ በሳምንት አንዴ ያደረገችው እሷ ናት። ሕክምናው 48 ሳምንት ነው፣ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። በዚህ ሁሉ መጨረሻ ሜዲካል ላይ የሚታየው ኤስ አንቲጅን፣ ማለትም የቫይረሱ የላይ ሽፋን ፕሮቲን፣ የጠፋላቸው ሰዎች ስንት ናቸው? በትልልቆቹ ጥናቶች ከመቶ ሰው ከሦስት እስከ ሰባት። በቃ።

እነዚያ ሰዎች ደግሞ እንደ ወንድምሽ አልነበሩም። ኢንዛይማቸው ከፍ ያለ ነበር። ኢንዛይም ከፍ አለ ማለት መከላከያው ነቅቶ የተያዙትን ሴሎች መምታት ጀምሯል ማለት ነው። ያዢው ያልኩሽ ነጥብ እዚህ ነው የሚገባው። ኢንተርፌሮን «ተነሱ» ይላል እንጂ ራሱ አይገድልም። ግማሽ የነቃ ሰፈር ኡኡታ ሲጨመርለት ይወጣል። ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰፈር ግን ብትጮሂም ብዙም አይነሳም።

ሐቁን ልንገርሽ ካልኩ ይሄንንም አልደብቅሽም። ቻይና ውስጥ ልክ እንደ ወንድምሽ ቫይረሱ የተኛባቸው፣ የኤስ አንቲጅን መጠናቸውም በጣም ዝቅ ያለ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ከዚህ በጣም የተሻለ ውጤት ያሳዩ ጥናቶች አሉ። አክስትሽ ምናልባት ያነበበችው ይሄን ይሆናል። ግን እዚያ ያለው የዚሁ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ዝርያ ቢ እና ሲ የሚባለው ነው (ከሄፓታይተስ ሲ ጋር አይምታታብሽ)። እኛ ጋ የሚበዙት ኤ እና ዲ ናቸው። ኤ ለኢንተርፌሮን ጥሩ ይመልሳል፣ ዲ ግን ከሁሉም ግትር ነው። ወንድምሽ የትኛው እንዳለበት ደግሞ በተራ ምርመራ አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅትም መጀመሪያ የሚሰጠው ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር ነው ይላል፣ በቀን አንድ ክኒን፣ እሱም ለሚያስፈልገው ሰው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2015 ጀምሮ በዚሁ በቴኖፎቪር ብዙ ሰው አክሟል፣ እና ያለ አንድ መርፌ ነው ያከመው።

ግን ቴኖፎቪርም ቢሆን ሜዲካል አያሳልፍም። ይህን ደጋግሜ ነው የምናገረው። ክኒኑ ቫይረሱን ያስተኛል፣ ጉበትን ከመጠንከርና ከካንሰር ይጠብቃል፣ ኤስ አንቲጅንን ግን የሚያጠፋው በጣም አልፎ አልፎ ነው። ቫይረሱ ኒውክለስ ውስጥ ያስቀመጣትን ቀለበት አይነካትም። የሚገርምሽ፣ ቫይረሱ የተኛባቸው ሰዎች ምንም ሳይወስዱ በዓመት ከመቶ አንዱ ገደማ በራሱ ይጠፋለታል። በአሥር ዓመት ወደ አሥር ሰው መሆኑ ነው። መርፌውን አወዳድሪው እንግዲህ።

«ቢሆንስ፣ እድሉ ትንሽም ቢሆን ይሞክር፣ ምን ይጎዳዋል?» ልትዪኝ ትችያለሽ። ይጎዳዋል።

ሄፓታይተስ ሲ በክኒን መዳን ከመጀመሩ በፊት ኢንተርፌሮን የሚወጋ አንድ አስተማሪ ታካሚ ነበረኝ። መርፌውን ዓርብ ማታ ነበር የሚወጋው፣ ቅዳሜና እሁድን ለመታመም ብሎ። ማታ ፓራሲታሞል ይወስዳል፣ ጋቢ ይደርባል፣ ከዚያም ይንቀጠቀጣል። ሰኞ ጠመኔውን ይዞ ክፍል ይገባል። ይሄን ቻለው። ያልቻለው ሌላ ነበር። አራተኛው ወር ላይ ባለቤቱ አብራው መጣችና እሱ ደም ሊሰጥ ላብራቶሪ ሲገባ በሩን መለስ አድርጋ «ዶክተር፣ ልጆቹን ይጮህባቸዋል፣ ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፣ እኔ ይሄን ሰውዬ አላውቀውም» አለችኝ። እሱ አንድም ቀን አልነገረኝም ነበር። እኔም አልጠየቅሁትም፣ ነጭ የደም ሴሉን ስቆጥር ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። መርፌውን አቆምን፣ ከወራት በኋላ ወደ ራሱ ተመለሰ።

ድብርት የኢንተርፌሮን የታወቀ ጉዳት ነው፣ ራስን እስከ ማጥፋት ሐሳብ ይደርሳል። ነጭ የደም ሴልና ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ይወርዳሉ፣ እንቅርት ዕጢ ይዛባል፣ ፀጉር ይሳሳል፣ ሰውነት ይከሳል። ጉበቱ በጣም ለተጎዳ ሰው ጭራሽ አይሰጥም፣ ለነፍሰ ጡርም እንደዚሁ። ለዚህ ነው በየጥቂት ሳምንቱ ደም እየታየ፣ ስሜቱም እየተጠየቀ የሚሰጠው። አሁን አንድ ጤነኛ የ27 ዓመት ልጅ፣ ሥራው የቀረበት፣ ቀድሞውንም የከፋው ልጅ አስቢ። እሱን ነው ይህን ልትወጉት ያሰባችሁት።

የሻንጣው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መሞቅ አይወድም፣ በረዶ መሆንም አይወድም። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ዘመድ በሰው የላከለትን መርፌ በፌስታል ይዞልኝ መጣ። ግማሹ ከበረዶ መያዣው ጋር ተጣብቆ ቀዝቅዞ ደርሷል፣ ካርቶኑ ርሶ ተቀዷል። ግማሹን እናቱ «አይቀዝቅዝበት» ብለው አራት ቀን ቡፌ ላይ አስቀምጠውታል። ያየሁት ሁሉ የጠራ ፈሳሽ ነው፣ ምንም የተበላሸ አይመስልም። ፕሮቲን ሲበላሽ ሁልጊዜ አይሸትም፣ ቀለሙንም አይቀይርም። ልጁ ስንት ዶላር እንደወጣበት ሲነግረኝ ምን እንደምለው ጠፋኝ። ጠቅላላው ወደ መጣያ ሄደ።

አሜሪካም ቢሆን እንደ አድቪል ሄዳችሁ የምትገዙት አይደለም። የሐኪም ማዘዣ ይፈልጋል። የአንድ ወሩ ብቻ ያለ ኢንሹራንስ በሺዎች ዶላር ነው።

በነገራችን ላይ ኢንተርፌሮን «ተአምር» ሲባል ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። በ1970ዎቹ ካንሰርን ያድናል ተብሎ ዓለም አብዶ ነበር። ያኔ መድኃኒቱ የሚገኘው ከሰው ደም ነው። ሄልሲንኪ ላይ ካሪ ካንቴል የሚባል ሐኪም ከለጋሾች ደም ነጭ ሴል እየለቀመ፣ በቫይረስ እየቀሰቀሰ፣ ኢንተርፌሮን ያወጣ ነበር። ከዚያ ሁሉ ደም የሚወጣው ጠብታ ነው፣ እሱም ያልጠራ። በ1980 ዙሪክ ላይ የቻርልስ ቫይስማን ቡድን የሰውን የኢንተርፌሮን ጂን ባክቴሪያ ውስጥ አስገብቶ ባክቴሪያዋ እንድታመርተው አደረገ። መድኃኒቱ እንደ ልብ ሲገኝ እውነቱም አብሮ ወጣ። ለጥቂት ካንሰሮች ይጠቅማል፣ ለብዙዎቹ አይጠቅምም። አሜሪካ ውስጥ በ1986 መጀመሪያ የተፈቀደው ለአንድ ብርቅ የደም ካንሰር ነበር።

ወደ እኛ የሚቀርበውና የሚያሳዝነው ግን የኬንያው ነው። በ1990 ኬምሮን የሚባል በአፍ የሚወሰድ፣ በጣም ጥቂት ኢንተርፌሮን ያለበት መድኃኒት ኤድስን ያድናል ተባለ። ያለው የአገሪቱ ትልቁ የሕክምና ምርምር ተቋም ነው፣ ፕሬዝዳንት ሞይም አብረው አወጁት። ሌላ መድኃኒት እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ ሰው ምን ያድርግ፣ ከየአገሩ ሳይቀር ጎረፈ። በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ በሌሎች አገሮች ሲሞከር ምንም ፋይዳ አልተገኘበትም። አፍ ውስጥ የገባ ፕሮቲን ሆድ ውስጥ እንደ ሥጋ ይፈጫል፣ ይሄን ማስታወስ ብቻ በቂ ነበር። አሁንም «ኢንተርፌሮን ጠብታ»፣ «ኢንተርፌሮን ክኒን» እያሉ የሚሸጡ አይጠፉም። ብታገኚ እለፊው።

በሌላ በኩል ባለውለታነቱን መካድ አይገባም። ግብጽን ተመልከቺ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ መንግሥት ቢልሃርዝያን ለማጥፋት ሕዝቡን በዘመቻ ሲወጋ መርፌው በደንብ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው ስለተላለፈ ሄፓታይተስ ሲ አገሩን ሞላው። ለዓመታት የነበረው መድኃኒት ኢንተርፌሮን ከሪባቫይሪን ጋር ብቻ ነበር። 48 ሳምንት ተሰቃይቶ ግማሽ ያህሉ ይድናል። ግማሽ ማለት ያኔ ትልቅ ነገር ነው። ከ2014 ወዲህ ሶፎስቡቪርና መሰሎቹ መጡ፣ በ12 ሳምንት ክኒን ከመቶ ዘጠና አምስቱ ይድናል፣ ኢንተርፌሮን በጡረታ ተሸኘ። ብዙ ሰው «ሄፓታይተስ ይድናል አሉ» ሲል የሰማው ይሄንን የሲውን ነው። ቢ እና ሲ ስማቸው እንጂ ዘራቸው አንድ አይደለም። አክስትሽንም «የሰማሽው የቢውን ነው የሲውን?» ብለሽ ጠይቂያት።

ሌሎቹን ዓይነቶች በሩጫ ልንካቸው። ቤታ የሚባለው ለመልቲፕል ስክሌሮሲስ፣ ማለትም የነርቭ ሽፋንን ለሚያጠቃው በሽታ ከ1993 ጀምሮ ይሰጣል። ጋማ የሚባለው ደግሞ ሌላ ሥራ ነው ያለው፣ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ቲቢን ሲያዩ የሚለቁት እሱን ነው። በዚህም የተነሳ ተደብቆ የተቀመጠ ቲቢን ለማወቅ ደም ወስደው ሴሎቹ ጋማ ይለቃሉ ወይ ብለው ይለካሉ። ወደ አሜሪካ ቪዛ የሚሄዱ ልጆች እዚህ የሚሠሩት የደም ምርመራ እሱ ነው። ክንድ ላይ እንደሚወጋው የቲቢ ምርመራ በቢሲጂ (በቲቢ ክትባት) አይሳሳትም።

ኮቪድ ደግሞ ኢንተርፌሮን ሲጎድል ምን እንደሚመጣ አሳየን። በ2020 የተመራማሪው የዣን ሎራን ካሳኖቫ ቡድን በኮቪድ ለሞት ያሰጋ የሳንባ ምች የያዛቸውን 987 ሰዎች ደም አየ። 101ዱ ውስጥ የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያፍን ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ። ከ101ዱ 95ቱ ወንዶች ናቸው። ኡኡ የምትለዋን ሴት አፏን እንደ ማፈን በይው። ይሁንና ሆስፒታል ለተኙት ታማሚዎች ቤታ ሲሰጥ በትልቁ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ምንም አልፈየደም። ሌባው ወርሶ ከተቀመጠ በኋላ ነዋ የተጮኸው።

ወደ ወንድምሽ ልመለስና ልጨርስ። ቫይራል ሎድ 900፣ ኢንዛይም ኖርማል፣ አልትራሳውንድ ደህና ከሆነ ክትትል ይበቃዋል። ግን ክትትል ማለት ቤት መቀመጥ አይደለም። በስድስት ወሩ የምር ይመለስ። ቫይራል ሎዱ ከ2,000 በላይ ከወጣና ኢንዛይሙም ከጨመረ፣ ወይም የጉበት መጠንከር ምልክት ካለ፣ ወይም ከቤተሰብ በጉበት ካንሰር የሞተ ሰው ካለ የክኒኑ ጉዳይ ይነሳል። ይሄን የመጨረሻውን ለሐኪሙ ነግራችሁታል? ኤች አይ ቪም ካልተመረመረ ይመርመር፣ ቴኖፎቪር ብቻውን ከመጀመሩ በፊት የግድ ነው።

አረቄና ካቲካላ ይቅርበት፣ ቢራውም ጭምር። የሻገተ ለውዝና በቆሎ አይብላ፣ ሻጋታው የሚያወጣው መርዝ ከዚህ ቫይረስ ጋር ሲገናኝ ለጉበት ካንሰር መንገድ ይጠርጋል። «የወፍ በሽታ መድኃኒት» እየተባለ የሚሰጠውን ቅጠል ደግሞ አታስጠጉበት። ምንም ሳይሆን ኖሮ በእሱ ጉበቱ ወድቆ የመጣ ሰው አይቻለሁ።

አብራችሁ ብሉ። ጉርሻ አያስተላልፍም፣ መሶብ አያስተላልፍም፣ ማቀፍም አያስተላልፍም። ደም፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነትና ወሊድ ናቸው የሚያስተላልፉት። ምላጭና ጥፍር መቁረጫ የየራሳችሁ ይሁን። እናታችሁን ጨምሮ ቤት ያላችሁት ሁሉ ተመርመሩ፣ ነጌቲቭ የሆነው ሦስቱን ዙር ክትባት ይውሰድ። ፍቅረኛ ካለችው እሷም፣ እስክትጨርስ ድረስ በኮንዶም። የአክስትሽ ብር እዚህ ላይ ቢውል የመርፌውን ሩቡን እንኳ አይፈጅም።

ስለ ሳዑዲው እውነቱን መናገር አለብኝ። በዚህ ውጤት አያሳልፉትም፣ ዘንድሮም ከርሞም። በሰው ደም ላሳልፍህ የሚለው ደላላ ቢመጣ ገንዘቡን ነው የሚበላው፣ እዚያ ደርሶ ለመኖሪያ ፈቃድ እንደገና ይመረመራልና። እዚህ አገር ግን መሥራት፣ ማግባት፣ መውለድ ይችላል። ሰባና ሰማንያ ዓመት ኖረው በሌላ ነገር የሞቱ የዚህ ቫይረስ ባለቤቶች ብዙ ናቸው።

አንድ የቀረች ነገር አለች። ሄፓታይተስ ዴልታ የሚባል ቢን ተንተርሶ ብቻ የሚኖር ሌላ ቫይረስ አለ። ጉበትን ቶሎ ይጎዳል፣ ቴኖፎቪርም አይነካውም። እሱ ላይ ፔግ-ኢንተርፌሮን እስካሁን ከዋናዎቹ ምርጫዎች አንዱ ነው። ኢንዛይሙ ኖርማል ስለሆነ ይኖርበታል ብዬ አልጠብቅም፣ ግን የሚሠራ ላብራቶሪ ካገኛችሁ አሠሩት። ፖዘቲቭ ከሆነ ጻፊልኝ፣ ስለ ኢንተርፌሮን እንደገና እናወራለን። ያኔም ግን በሻንጣ አይደለም።